ያልተቆጠሩት አሥራ አንድ ወሮች

የሰሜን ሸዋ ገበሬ ለምን ደኸየ ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር አንድ መልስ ይቀድማል፤ ድግስ ያበዛል። ያመረተውን ገብስ ለሚካኤል ጠላ ይጠምቅበታል፣ ለጊዮርጊስ ዳቦ ይደፋበታል፣ የቀረውን ለተዝካር ይጨርሰዋል፤ ክረምት ሲገባ ጎተራው ባዶ ይሆንና እጁን ይዘረጋል። ይህን አባባል ደብረ ብርሃን ላይ በስብሰባ አዳራሽ ሰምቼዋለሁ፣ በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ፣ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ከመጡ ዘመዶቼ አፍ ሰምቼዋለሁ። ይባስ ብሎ ገበሬው ራሱ ሲደግመው ሰምቻለሁ። «እኛን እኮ ያጠፋን ድግሳችን ነው» ይላል፣ የተነገረውን አምኖ። ብዕር ያስነሳኝ ይህ የመጨረሻው ነው። በሰው ድህነት ላይ ጥፋተኝነት ሲደረብበት ዝም ብሎ ማየት ይከብደኛል።

አባባሉ ለተናጋሪው ምቹ ነው። ድህነቱ የመጣው ከገበሬው ጋን ከሆነ፣ ያልደረሰው መንገድ፣ የዘገየው ምርጥ ዘር፣ ዋጋው አልቀመስ ያለው ማዳበሪያ ጥያቄ መሆናቸው ይቀራል። ገበሬው ቆጥብ ተብሎ ይሰናበታል። እኔ ግን የዚያን ቤት ሒሳብ ከውስጥ ስለማውቀው፣ እስቲ እንቁጠረው እላለሁ።

ያደግሁት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እናቴ የሚካኤል ማኅበር ትጠጣ ነበር። ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ በወር አንድ ቤት፣ በዓመት አንድ ዙር። የእሷ ተራ ኅዳር 12 ነበር። ቀኑ ሲቃረብ ብቅል ታበቅላለች፣ ጌሾ ትወቅጣለች፣ ገብሱን ቆልታ አሻሮ ታደርጋለች፣ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥናለች። ቤቱ ለሳምንት ያህል ጭስና ጥንስስ ይሸታል። ለጠላውም ለዳቦውም አራት ቁና ገብስ ይሄዳል፤ በእኛ ቁና ሃያ ኪሎ ቢሆን ነው። በዚያች ቀን በራችን ላይ ያለፈ የግብርና ባለሙያ ቢኖር፣ ያየው የሞላ ጋን፣ የተቆረሰ ድፎና የተቀመጡ አሥራ ሁለት ሰዎች ነው። ብክነት ብሎ ቢጽፈው አይገርመኝም። የማይጽፈው የቀሩትን አሥራ አንድ ወሮች ነው። በእነዚያ ወሮች እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሌላ ቤት ትሄዳለች፤ በልታ ጠጥታ ስትመለስ ለእኛ በነጠላዋ ጫፍ ዳቦ ቋጥራ ትመጣለች። የነጠላዋን ቋጠሮ ስትፈታ የምንሻማባትን ያችን ቁራሽ እስከ ዛሬ አልረሳትም። አንድ ጊዜ አብልታ አሥራ አንድ ጊዜ የምትበላ ሴት በየትኛውም ሒሳብ አባካኝ አትባልም።

ሌላም ያልታየ ነገር አለ። የሐምሌ ተረኛ ገብሱን ጥር ላይ አይሸጠውም። ጥር ላይ አዝመራው ገና ተወቅቶ ገበያው በእህል ሲጥለቀለቅ ዋጋው ይወድቃል፤ የማዳበሪያ ዕዳውም፣ ግብሩም፣ የልጆች ልብስም ሁሉ በዚያው ወር ይጠይቁታል። ከዚያ ሁሉ ጠያቂ የሚያመልጠው ገብስ «የሚካኤል ነው» ተብሎ በጓዳ የተቀመጠው ብቻ ነው። ያንን ማንም አይነካውም፤ አባወራውም እንኳ። ታዲያ በክረምቱ ልብ፣ ከየቤቱ እህል ሲሟጠጥ፣ ያ ገብስ ዳቦ ሆኖ ለአሥራ ሁለት ቤት ይደርሳል። በመንደራችን የቁጠባ ደብተር ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ገብስን ከጥር ርካሽ ዋጋ አሻግሮ ለሐምሌ የሚያደርስ ሌላ የቁጠባ መንገድ ግን እኔ አላየሁም።

ማኅበሩ ላይ የሚወራውን ደግሞ ልብ በሉ። የማን በሬ እንደሞተ፣ ማን ዘር እንዳጠረው፣ የማን ልጅ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ደብረ ብርሃን ቤት መከራየት እንዳቃተው የሚታወቀው እዚያ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ በሬውን ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ካላቀናጀ አያርስም፤ መቀናጆ የሚገኘው ከሚተዋወቁ፣ ከሚተማመኑ፣ ጽዋ አብረው ከሚጠጡ ሰዎች መካከል ነው። ደቦ ለመጥራት ጠላ ያስፈልጋል። አቅም ያጣች መበለት አጨዳዋን በአንድ ቀን የምታስጨርሰው በገንዘብ አይደለም፤ በአንድ ጋን ጠላና ለሌሎች በዋለችው ውለታ ነው። ይህን ጠላ ከምርት ወጪ ቆርጣችሁ ወደ ቅንጦት ወጪ ስትወረውሩት ቆጠራውን የሳታችሁት እናንተ ናችሁ እንጂ ገበሬው አላባከነም። እኛ ቅሬ የምንለው እድርም እንዲሁ ነው። አሉላ ፓንክረስት ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ያሳተመው ጥናት የኢትዮጵያን የቀብር እድር የመድን ተቋም አድርጎ ነው ያየው፤ ደንብ ያለው፣ መዋጮው የታወቀ፣ ደሃውንም የሚያቅፍ። በእኛ አገር ሰው ቅሬ የሚገባው በሐዘኑ ቀን ብቻውን እንዳይቀር ነው።

የቤታችንን ጉዳይ እዚህ ላይ ላቁምና የአገሩን እንይ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት የድህነት ወለሉን ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር አድርጎት ነበር፤ በቀን ሃያ ብር አይሞላም። ከዚህ ውስጥ 3,772 ብሩ ለምግብ ብቻ ነው፤ ያውም በቀን 2,200 ካሎሪ ለማግኘት። ከድህነት ወለሉ በታች የነበረው ኢትዮጵያዊ ከመቶ 23.5 ነበር። ከክልሎቹ ስምንቱን ስናይ አማራ 26.1፣ ትግራይ 27.0፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝ 26.5፣ ኦሮሚያ 23.9፣ አፋር 23.6፣ ጋምቤላ 23.0፣ ሶማሌ 22.4፣ የያኔው ደቡብ 20.7 ናቸው። በአፋርና በሶማሌ ዘላኑ ሙሉ በሙሉ እንዳልተካተተ መታወቅ አለበት። ቢሆንም ቁጥሮቹን ደግማችሁ አንብቧቸው። የሚካኤል ማኅበር ያለበትም የሌለበትም፣ ተዝካር የሚያወጣውም ተዝካርን የማያውቀውም፣ ጠላ የሚጠምቀውም ጠላ ቤቱ የማይገባውም እጅግ ተቀራርበው ተቀምጠዋል። ድግስ የድህነት እናት ብትሆን ኖሮ ይህ ሰንጠረዥ እንዲህ አይመስልም ነበር።

«ትግራይና አማራ ከላይ አይደሉም እንዴ?» የሚለኝ ይኖራል። ናቸው። በመካከላቸው ግን ባህሉ ጨርሶ የተለየ ቤንሻንጉል ጉሙዝ አለ። ማኅበርም ተዝካርም ሰርግም የሞላባት አዲስ አበባ ደግሞ 16.8 ናት። የደጋ ክርስቲያኑ አገር ከሌላው በጥቂቱ የባሰው መሬቱ ለሺህ ዓመታት የታረሰ፣ እርሻው በየትውልዱ የተሸነሸነ፣ ድርቅና ጦርነት የተመላለሰበት ስለሆነ ነው። ምክንያቱ ድግስ ላለመሆኑ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ጊዜውን ወደ ኋላ ማየት ይበቃል። በ1988 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከድህነት ወለል በታች የነበረው ከመቶ 45.5 ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ወረደ። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ማኅበሩ በግማሽ ቀነሰ? የታቦት ቀናት በግማሽ ቀነሱ? አልቀነሱም። የተለወጠው ሌላ ነው።

ምን እንደሆነ ደግሞ የእኛው አካባቢ ራሱ መስክሯል። ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተራ በተራም በጋራም የኢትዮጵያን ገጠር ቤቶች እየተመላለሱ ቆጥረዋል፤ ምን እንደበሉ፣ ምን እንደገዙ፣ ምን እንደሸጡ። ከተመረጡት ቦታዎች ሁለቱ የእኛ ናቸው። አንዱ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያሉት የደጋ መንደሮች፣ ሌላው ከአንኮበር ገደል ሥር ያለው ዲንኪ። ዲንኪ ከደብረ ብርሃን በአሞራ በረራ ቅርብ ነው፤ በእግር ግን ገደል መውረድና መውጣት ነው። ክርስቲያኑ አማራና ሙስሊሙ አርጎባ በአንድ መንደር ይኖራሉ። አንዱ ማኅበር ሲጠጣ ሌላው ለጸሎት ወዳጃ ይቀመጣል፤ የአንዱ ጋን በቤቱ ሲፈላ በሌላው ቤት ጠላ የሚባል ነገር የለም። የ1977ቱ ረሃብ ሲመጣ ግን የማንንም ጓዳ አልለየም። ዲንኪ ክፉኛ ተመታ፤ ጠማቂውም ያልጠመቀውም አብሮ ተራበ። ድግስ ያደኸያል የሚል ሰው ይህችን አንዲት መንደር ወርዶ ቢያያት ሐሳቡን ይቀይር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስቴፋን ደርኮን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እነዚህን ሁለቱን ጨምሮ ስድስት አካባቢዎችን ይዞ የቤቶቹ ፍጆታ በ1980ዎቹ ለምን አንዱ ጋ እንደጨመረ ሌላው ጋ እንዳልጨመረ መረመረ። ያገኘው ሦስት ነገር ነው። ዝናብ ሲጎድል ጉዳቱ በዚያው ዓመት አያልቅም፤ ለዓመታት ይከተላል። በረሃቡ ይበልጥ የተጎዳው ቤት ከአሥር ዓመት በኋላም እንደ ጎረቤቱ ቀና ማለት አቅቶታል። መንገድ የቀረበው ደግሞ ተሽሏል። ከፕራሚላ ክሪሽናን ጋር በሠራው ሌላ ጥናት እንዳሳየው በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ፣ በአዝመራና በክረምት መካከል፣ ያው ቤት ከድህነት ወለል በላይ ወጥቶ ተመልሶ ይወርዳል። ይህ የገበሬውን ኑሮ ለሚያውቅ ሰው ዜና አይደለም። ድህነት የባሕርይ ጉዳይ ቢሆን ግን በወር በወር አይገባም አይወጣም ነበር። ጥር ላይ ቆጣቢ፣ ነሐሴ ላይ አባካኝ የሚሆን ሰው የለም።

ስለ በዓላቱ ብዛት የሚነገረውን በአጭሩ ልለፈው። በታቦት ቀን የሚቀረው ማረስና ማጨድ ነው እንጂ ሥራ ሁሉ አይቀርም፤ ገበያ ይወጣል፣ እንጨት ይለቀማል፣ ከብት ይጠበቃል፣ ስብሰባ ይዋላል። በሬም ማረፍ አለበት። ሦስት ጥማድ መሬት ያለው ሰው የጎደለው መሬት ነው፤ ቀን አልጎደለበትም።

የጎደለብንንማ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅ ሆኜ፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ። ማታ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱ ጸጥ ካለና ከዋክብቱ ከበዙ አባቴ አይተኛም ነበር። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሣሩን በእጁ ይዳስሳል። ያን ዓመት ሲነጋ ተከትዬው ወጣሁ። ባቄላው አበባውን ጨርሶ እሸት ይዞ ነበር፤ አመዳይ እንደ ጨው ተነስንሶበት ማሳው ነጭ ሆኗል። ያምር ነበር። ፀሐይ ሲነካው ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ጠቆረ። አባቴ አንዱን እሸት ቀጥፎ ፈለፈለው፤ ውስጡ ውኃ ሆኗል። ሌላውን ፈለፈለ፤ ያም እንዲሁ። ከዚያ ማሳ ሦስት ኩንታል እንጠብቅ ነበር። የእናቴ ማኅበር በዓመት ሃያ ኪሎ ነው ብያለሁ። ውርጩ በአንድ ሌሊት የአሥራ አምስት ዓመት ማኅበር በላ። በስብሰባው አዳራሽ ስለ ውርጭ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ባቄላውን የሚበላው ውርጭ ብቻ ቢሆን ደግሞ ምን ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በሰሜን ሸዋ ደጋ ቆርምድ የሚባል በሽታ ገባበት፤ ቅጠሉን አኮማትሮ፣ እብጠት አውጥቶ ያደርቀዋል። ገበሬው የማያውቀው በሽታ ስለነበር ስም ያወጣለት ራሱ ነው። ባቄላ ደግሞ ለእኛ ሽሮ ነው፣ ቆሎ ነው፣ ንፍሮ ነው፣ ለገብሱ ማሳ ማዳበሪያ ነው፣ ለገበያ የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ ነው። በልግ ሲቀርም እንዲሁ ነው። አንኮበር ላይ የየካቲት ዝናብ ካልጣለ ገብሱ አይዘራም፤ ያልተዘራ ገብስ ደግሞ አይጠመቅም። ጋኑ ባዶ የሚሆነው ከጎተራው በኋላ ነው እንጂ ጎተራውን ያራቆተው ጋኑ አይደለም።

ከቤቱ የሚወጣውንና የማይመለሰውን ነገር የምትፈልጉ ከሆነ ኩበቱን እዩ። ደጋው ዛፍ የለውም፤ ያለው ባሕር ዛፍ ነው፣ እሱም ይሸጣል። ስለዚህ ማሳው ላይ መበተን የነበረበት የከብት እበት በየግድግዳው ተለጥፎ፣ ደርቆ፣ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ የተረፈው በሴቶች ጀርባ ተጭኖ ደብረ ብርሃን ገበያ ይወጣል። እበቱ ከማሳው ተወስዶ ተሸጠ፤ በዚያ ብር ደግሞ ማዳበሪያ ይገዛል። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሲጨምር ስንት ማሳ ያለ ማዳበሪያ እንደተዘራ የሰሜን ሸዋ ሰው ያውቃል። ለኩበት ምትክ ማገዶ ማግኘት ከአንድ ሺህ የቁጠባ ስብከት ይልቅ ለዚያ መሬት ይጠቅመዋል። ይህን ግን አንሰማም፤ ምክንያቱም ማገዶ ወጪ የሚጠይቀው ከመንግሥት ነው፣ ስብከት ግን ከማንም ምንም አይጠይቅም።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» መጽሐፉ የአገራችን ድህነት ከልውውጡ ሚዛን ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቶ ነበር፤ የእኛ ሰው ብዙ ቀን የደከመበትን ሰጥቶ ሌላው በጥቂት ቀን የሠራውን ይቀበላል። መቶ ዓመት አልፎም ጥያቄው ይኸው ነው። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ለመግዛት ስንት ቁና ገብስ ይሸጣል? በጥር ዋጋ ወይስ በሐምሌ ዋጋ? ስለ ሰሜን ሸዋ ቤት ፍጆታ መነጋገር የሚፈልግ ሰው ከዚህ ይነሳ።

ያው ገብስ ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ትልቅ ክብር አለው። ከተማዋ የዳሸንና የሐበሻ ቢራ ፋብሪካዎች አሏት፤ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የብቅል ፋብሪካ ተተክሏል። መተከሉ መልካም ነው፤ ልጆቻችን ሥራ አግኝተውበታል፣ የቢራ ገብስ የዘራ ገበሬም ገዢ አግኝቷል። እኔን የሚከፋኝ ሌላ ነው። ገብስ በፋብሪካ ብቅል ሲሆን ልማት፣ በእናቴ ጓዳ ብቅል ሲሆን ብክነት መባሉ። የፋብሪካው ቢራ ዋጋ ተከፍሎበት ስለሚጠጣ በሒሳብ መዝገብ ይገባል፤ የእናቴ ጠላ በውለታ ስለሚከፈል አይገባም። አለመመዝገቡ ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም።

አሁን በሐቅ የምቀበለውን ልናገር። ሰርግ ከብዷል። ከተማ ያየነውን ድንኳንና ቪዲዮ ገጠር አስገብተን ለልጅ ሰርግ ተበድሮ ለሦስት ዓመት የተቸገረ ቤት አውቃለሁ። ለአባቱ የአርባ ቀን ተዝካር በሬውን አርዶ በሚቀጥለው ክረምት የሚያቀናጀው ያጣ ጎረቤትም ነበረን፤ እሱን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ይህ መስተካከል አለበት። ግን ማን ያስተካክለው? በእኛ መንደር ያስተካከለው ራሱ ቅሬው ነው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሐዘን ቤት ወጥ እንዲቀር፣ ቆሎና ዳቦ እንዲበቃ፣ ያፈረሰ እንዲቀጣ ወሰኑ፤ ሰውም ደስ ብሎት ተቀበለ፣ ምክንያቱም ጎረቤቱም ሲቀንስ እሱም ሳያፍር መቀነስ ይችላል። ልኩን የሚያውቀው ድግሱን የሚደግሰው ሕዝብ ነው። «ድግስ አጠፋችሁ» እየተባለ ማኅበሩና ቅሬው ከተናቁ ደግሞ ልኩን የሚወስንበት ሸንጎም አብሮ ይፈርሳል።

ባቄላችን በውርጭ በተመታበት በዚያ ዓመት የእናቴ ተራ የደረሰው ከሁለት ሳምንት ግድም በኋላ ነበር። ወደ ማኅበሩ መሪ፣ ወደ ሙሴው ሄዳ «ዘንድሮ ጋን አልጥልም፤ ቅራሪና ቆሎ ነው ያለኝ» አለቻቸው። «ሚካኤል ቅራሪም ይጠጣል፤ አንቺ ቤትሽን ጥረጊ» አሏት። ሁሉም መጡ። አንድም ሰው አልቀረም። ቅራሪውን ጠጡ፣ ቆሎውን ቆረጠሙ፣ ጸሎቱ ደረሰ፣ የታኅሣሥ ተረኛዋ ጽዋውን ተረክባ ወጣች። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ማንም አላነሳም፤ እናቴ ግን ለብዙ ቀን አንገቷን ደፍታ ነበር። የካቲት ላይ የበልጉ ዝናብ በጀመረ ማግስት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ሁለት ማኅበርተኞች በቁና የዘር ገብስ ይዘው በራችን ላይ ቆሙ፤ ጎረቤት እንዳያይ በነጠላ ሸፍነውታል። ስንት እንደሆነ አልተነጋገሩም፤ መቼ እንደሚመለስም አልተነጋገሩም። አባቴ በሬውን ከአንዱ በሬ ጋር አቀናጀ። ያን በልግ ማሳችን ጦም አላደረም።